የሰጠነውንም የተቀበሉትንም ቁጠሩን

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአካል ልገሳና ንቅለ ተከላ ብሔራዊ መዝገብ እንዲኖርና ውጤቱ በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

አንድ ኩላሊቴን ለታናሽ እኅቴ የሰጠሁ ሰው ነኝ፤ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው ገንዘብ ለመጠየቅ ወይም አንድን ሆስፒታል ለመክሰስ ስላልሆነ ቀዶ ሕክምናው የት እንደተደረገና ማን እንዳደረገው አልጠቅስም። የምጠይቀው ቁጥር ነው። ባለፉት ዓመታት ስንት ኢትዮጵያዊ ኩላሊት ተተከለለት? ከአንድ ዓመት በኋላ ከተተከሉት ስንቶቹ እየሠሩ ነበር? ከአምስት ዓመት በኋላስ? የሞቱት በምን ሞቱ? ኩላሊታቸውን የሰጡት ሰዎችስ ዛሬ እንዴት ናቸው? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ፣ አንድ ተራ ቤተሰብ አግኝቶ ሊያነበው የሚችል ዓመታዊ ሪፖርት እስከ ዛሬ አላየንም።

ምስጋና ሳላስቀድም ቅሬታ ማቅረብ ግን ነውር ይሆንብኛል። እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ ኩላሊት ማስተከል የፈለገ ሰው አገር ለቆ መሄድ ነበረበት። በመስከረም 2008 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር፣ የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ እዚሁ አዲስ አበባ ሲከናወን በየኩላሊት እጥበት ማዕከሉ የነበረውን ደስታ የሚያስታውሱ ሰዎች አሁንም አሉ። ሥራውን የጀመሩትንም ዛሬ ድረስ የያዙትንም ሐኪሞችና ነርሶች አመሰግናለሁ። መጀመሩን በቴሌቪዥን አይተናል፤ እሰይ ብለናል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን የምንሰማው ዜና ሲሆን ብቻ ነው። አገልግሎቱ ቆመ ሲባል እንሰማለን፣ ቀጠለ ሲባል እንሰማለን፤ በመካከል ያሉት ሰዎች ምን እንደሆኑ አይነገረንም።

ይህ ለምን እንደሚያስከፋ ለማስረዳት አንድ ቤተሰብ ውሳኔውን እንዴት እንደሚወስን ልንገራችሁ። እጥበት በሳምንት 3 ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱም 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሦስቱን መክፈል ያቃተው ወደ ሁለት ይወርዳል፤ ፊቱ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ሌሊቱን ተቀምጦ ያድራል። መጀመሪያ የዕቁብ ገንዘብ ይሄዳል፣ ከዚያ መኪና ካለ መኪናው፣ ከዚያ ቤቱ። ሁሉም ሲያልቅ ፎቶ ያለበት ባነር ይታተምና በድምፅ ማጉያ መንገድ ይወጣል፤ ወይም ዘመድ ተሰብስቦ ቲክቶክ ላይ ይለምናል። ቤተሰቡ በዚህ መካከል ቁጭ ብሎ መወሰን አለበት። እዚህ ወረፋ እንጠብቅ ወይስ ህንድ እንሂድ? እናት ትስጥ ወይስ ወንድም? ቤቱ ቢሸጥ የተሸጠለት ነገር ስንት ዓመት ይቆያል?

መልስ የሚገኘው ከእጥበት ወንበር ወሬ ነው። «እከሌ ደልሂ ሄዶ ድኖ መጣ» ይባላል። የዳነው ሰው ይታያል፤ ስልኩ ይሰጣል፣ ይደወልለታል፣ ያበረታታል። ያልዳነው ስልክ አያነሣም። ስለዚህ ወደ ጆሯችን የሚደርሰው የተሳካለት ሰው ታሪክ ብቻ ነው፤ ሁላችንም ህንድ የሄደ ሁሉ የሚድን ይመስለናል። ደላላው «መቶ በመቶ» ይላል፤ ሐኪሙ በጨዋነት «እንደ ሰዉ ይለያያል» ይላል። ሐኪሙን አልወቅስም፤ የአገሩን ውጤት የሚያሳይ ሰነድ እጁ ላይ ከሌለ ሌላ ምን ይበል? እኔ የመሥሪያ ቤቴን መዝገብ ስዘጋ አንዲት ደረሰኝ ብትጎድል ቤቴ አልገባም። የገዛ አካሌን ለመስጠት የተስማማሁት ግን በወሬ ላይ ተመሥርቼ ነው።

ሌላ ቦታ እንዲህ አይደለም። አሜሪካ በእ.ኤ.አ. 1984 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ የተደረገ ንቅለ ተከላ ሁሉ ይመዘገባል። በየ6 ወሩ የእያንዳንዱ ማዕከል ውጤት በማዕከሉ ስም ይታተማል፤ ስንት እንደተከለ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ስንት ሰው በሕይወት እንዳለ፣ ስንቱ ኩላሊት እንደሚሠራ ማንም ሰው ከፍቶ ያነባል። በእ.ኤ.አ. 2024 ብቻ እዚያ ከ48 ሺህ በላይ ንቅለ ተከላ ተደርጓል፤ ከሕያው ለጋሽ ከተወሰደ ኩላሊት ደግሞ ከ95 በመቶ በላዩ ከዓመት በኋላም ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከስፔን ጋር ሆኖ የየአገሩን ቁጥር በየዓመቱ ይሰበስባል። በእ.ኤ.አ. 2023 በዓለም ላይ ከ170 ሺህ በላይ ንቅለ ተከላዎች የተመዘገቡ ሲሆን፣ ይህም ከሚያስፈልገው አንድ ዐሥረኛውን እንኳ አይሞላም ተብሎ ይገመታል። የእኛ ሰው ይህን ሁሉ በስልኩ ያነባል። የሚሺጋንን ውጤት አዲስ አበባ ተቀምጦ ማወቅ ይችላል፤ የአዲስ አበባውን ግን አያውቅም።

መመዝገብ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚል ቢመጣ ምስክሬ የራሳችሁ ሚኒስቴር ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ሲሰጥ በየጤና ጣቢያው መዝገብ ተከፈተ። ማን ጀመረ፣ ማን በ12ኛው ወር አለ፣ ማን ጠፋ፣ ማን ሞተ የሚለው በየጊዜው ይቆጠራል። ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው ይደወልለታል፤ ስልክ ከሌለው ቤቱ ድረስ የሚሄድ ሰው አለ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን፣ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒትን፣ ስሙን እንኳ ለመናገር የሚያስፈራ የነበረን ሕመም በዚህ መንገድ መከታተል ችላችኋል። ኩላሊት የተተከለለት ሰውም ዕድሜ ልኩን መድኃኒት የሚወስድ ነው፤ ብዛቱ ግን ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ማን እንደከፈለ፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን መቼ እንደሞተ በአንድ ደብተር ይዞ ይዞራል፤ የአገሪቱ የንቅለ ተከላ መዝገብ ከዚያ ደብተር ብዙ የሚወፍር አይመስለኝም።

አሁን ስለ እኛ ስለ ሰጪዎቹ ልናገር፤ እዚህ ላይ ብቆይ ይቅርታ አድርጉልኝ። ለጋሽ ጤነኛ ሆኖ ሆስፒታል የገባና ጎኑን ተቀዶ የወጣ ሰው ነው። ለራሱ ያገኘው ሕክምና የለም። የቀረው አንድ ኩላሊት ሥራውን ይጨምራል፤ አብዛኛው ለጋሽም ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ቢሆንም የደም ግፊቱ፣ በሽንቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲንና የክሪያቲኒን መጠኑ ቢያንስ በዓመት አንዴ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ከጊዜ በኋላ የሚመጣ፣ ትንሽ ይሁን እንጂ ሊናቅ የማይገባ አደጋ አለ። አሜሪካ ውስጥ ኩላሊቱን ያወጣው ማዕከል የለጋሹን ሁኔታ በ6 ወር፣ በአንድ ዓመትና በሁለት ዓመት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። እኔን ስፌቴ ከተፈታ ወዲህ እንዴት ነህ ብሎ የደወለልኝ ተቋም የለም። ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ስሄድ ካርዱ ላይ «አንድ ኩላሊት ያለው» ብሎ የሚጻፍበት ቦታ የለም፤ እኔው ካልተናገርኩ ለጀርባ ሕመሜ ኩላሊት የሚጎዳ ማስታገሻ ይታዘዝልኛል። የማውቃቸው ለጋሾች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ እናቶች፣ እኅቶች፣ ሚስቶች። በብዙ አገሮች ሴቶች ከሚቀበሉት ይልቅ የሚሰጡት እንደሚበልጥ በቁጥር ታይቷል። የእኛም እንደዚያ ከሆነ ልናውቀው ይገባል፤ ከእናቶቻችን ጎን የሚወጣው ነገር ቢያንስ በመዝገብ ላይ መታየት አለበት።

ወደ ውጭ ስለሚሄዱትም ላንሣ። ህንድ በእ.ኤ.አ. 1994 ባወጣችው ሕግ የተነሣ የውጭ አገር ታካሚ ከለጋሹ ጋር ያለውን ዝምድና በሰነድ ማስረዳት አለበት። ስለዚህ ቤተሰቡ ከወረዳ የዝምድና ማስረጃ ያወጣል፣ ያረጋግጣል፣ ውጭ ጉዳይ ይሄዳል፣ ኤምባሲ ይሰለፋል። ከሕክምና ቦርድ ደብዳቤ ያጽፋል፣ በደብዳቤው ባንክ ሄዶ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ማለትም ታካሚው ሲወጣ መንግሥት ስሙን፣ ሕመሙን፣ የለጋሹን ማንነትና የሚሄድበትን አገር ያውቃል። ሲመለስ ግን ቦሌ ላይ ፓስፖርቱ ማኅተም ይመታበታል፤ በቃ። ቀዶውን ያደረገው ሐኪም በሺዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው ያለው፤ እዚህ ያለው ሐኪም የሚያየው የታካሚውን ፌስታል ሙሉ ወረቀት ነው። ስንቱ ተመለሰ? ስንቱ በኢንፌክሽን ሞተ? ሲወጣ የተጻፈለትን ደብዳቤ ሲመለስ የሚዘጋ አንድ ቅጽ ቢኖር ኖሮ ይህን ማወቅ ይቻል ነበር። ከአገሪቱ የወጣው የውጭ ምንዛሪ ምን ውጤት እንዳመጣ ለማወቅ የገንዘብ ሰዎችም ይፈልጉታል ብዬ እገምታለሁ፤ እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር።

የመድኃኒቱ ነገር ከሁሉ ያስጨንቃል። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ አዲሱን አካል እንዳይቃወመው እንደ ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት ያሉ መድኃኒቶችን ከፕሬድኒሶሎን ጋር በየቀኑ ይወስዳል፤ ታክሮሊመሱ በደም ውስጥ ያለው መጠን እየተለካ ይስተካከላል። ጥቂት ቀን መዝለል ኩላሊቱን ሊያሳጣ ይችላል። እኅቴ የሚቀረውን ፍሬ ቆጥራ ነው የምታድረው። መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ ታካሚዎች እርስ በርስ ይበዳደራሉ፤ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ሰው ይፈለጋል፣ በሻንጣ ጥግ ይላካል። ይህ የአንድ መሥሪያ ቤት ስንፍና ነው ብዬ አልደመድምም። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ስንት ሰው፣ በምን መጠን፣ ለስንት ወር እንደሚወስድ የሚነግረው መዝገብ ከሌለ ግዢውን የሚተነብየው በምን ላይ ተመሥርቶ ነው? አዲስ የሚተከልለትን ብቻ ሳይሆን ከዓመታት በፊት ህንድ ተተክሎለት የመጣውንም ካልቆጠረ ግዢው ሁልጊዜ ይጎድላል።

የውጭውን ቁጥር ተውሰን እንዳንኖር የሚያደርግ ሌላም ምክንያት አለ። በተለይ ምዕራብ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ የሚታዩ፣ ለኩላሊት ሕመም የሚያጋልጡ የአንድ ዘረመል ዓይነቶች አሉ። በእ.ኤ.አ. 2011 የታተመ ጥናት እነዚህን ኢትዮጵያውያን ላይ አላገኛቸውም። አሜሪካ ግን እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የኩላሊትን አቅም ስትለካም፣ ከሟች የተወሰደን ኩላሊት ጥራት ስትገምትም ጥቁር የተባለውን ሁሉ በአንድ ቀመር ታሰላ ነበር፤ ቀመሩን ያነሣችው እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት ነው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን የተለኩት በራሳቸው ባልሆነ ሚዛን ነበር። የኢትዮጵያዊ ለጋሽ ኩላሊት ከ20 ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ሊነግረን የሚችለው የኢትዮጵያውያን ለጋሾች መዝገብ ብቻ ነው።

ከሞት በኋላ ስለሚደረግ ልገሳም ትንሽ ልበል። ኩላሊት በእኛ አገር የሚገኘው ከሕያው ዘመድ ነው፤ ዘመዱ ደሙ ካልገጠመ ወይም ራሱ ታማሚ ከሆነ ታካሚው መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። ሐሳቡ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 18 እና 19 ሰው ስለ አካሉ የሚያደርገውን ውሳኔ፣ ከሞት በኋላ የሚፈጸመውንም ጭምር፣ አውቆ ደንግጎለታል፤ ውሳኔውንም በማናቸውም ጊዜ መሻር እንደሚችል ጽፏል። የዓይን ባንክ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከሟቾች የተለገሰ የዓይን ብሌን እየሰበሰበ ለብዙዎች ብርሃን መልሷል፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስም ለመለገስ ቃል ከገቡት አንዱ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅም ስለ አካልና ሕብረ ሕዋስ ልገሳ ይደነግጋል።

እንግዲህ የሚቀረው እምነት ነው። ሲና በረሃ ላይ የወገኖቻችን አካል ተወሰደ የሚለው ወሬ ያላንቀጠቀጠው ቤት የለም። በእ.ኤ.አ. 2025 ኬንያ ውስጥ በኤልዶሬት ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ኩላሊት ይሸጣል የሚል ውንጀላ ተነሥቶ መንግሥት የሆስፒታሉን የንቅለ ተከላ አገልግሎት አግዷል። ይህን የሰማ ሰው ነገ አንድ ነርስ መጥታ «የልጅዎን ኩላሊት ለሌላ ሰው እንስጥ?» ብትለው ምን ይመልሳል? ስፔን በእ.ኤ.አ. 1989 ብሔራዊ የንቅለ ተከላ ድርጅቷን ስታቋቁም በየሆስፒታሉ ከሐዘንተኛ ቤተሰብ ጋር መነጋገር የሚችል፣ ኃላፊነቱ የተጻፈለት ሐኪም መደበች፤ ዛሬ ከዓለም ቀዳሚ ናት። እኛ ከሐዘንተኛ ጋር መነጋገር የሚችሉ እድሮች በየሰፈሩ አሉን። ቀብር በማግስቱ በሚፈጸምበት አገር እድር ያልሰማው ልገሳ አይሳካም። የእድር ዳኛውና የሃይማኖት አባቱ ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት «እስካሁን የወሰዳችሁት ወዴት ሄደ?» ብለው ነው። በዚያን ቀን የሚዘረጋ መዝገብ ከአሁኑ መከፈት አለበት።

ስለዚህ በአክብሮት የምለምነው የሚከተለውን ነው። አዋጁን ለማስፈጸም በሚወጣው መመሪያ ውስጥ ብሔራዊ የንቅለ ተከላ መዝገብ ግዴታ ሆኖ ይግባ፤ ተካዩ ሆስፒታል ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁን ወደፊት ፈቃድ የሚያገኝ የግል፣ የተቀባዩንም የለጋሹንም ሁኔታ በየዓመቱ ያሳውቅ። ውጭ አገር ተተክሎላቸው የተመለሱትን ለመመዝገብ የሕክምና ቦርዱ ደብዳቤ ሲሰጥ የመመለሻ ቅጽ አብሮ ይስጥ፤ ታካሚው ቅጹን ይዞ ሲመለስ ለመድኃኒት ይመዝገብ። እንዲህ ከሆነ ማንም ሳይለመን ይመጣል። ለለጋሾች ዓመታዊ ምርመራው ከክፍያ ነፃ ይሁን፤ ለጋሽ መሆኑን የሚገልጽ ካርድም ይሰጠው። የሰዎች ስም በምስጢር ተይዞ ጠቅላላ ውጤቱ፣ የሞተውም የተበላሸውም ሳይደበቅ፣ ሚኒስቴሩ ለዓመታዊ ጉባኤው ከሚያቀርበው ሪፖርት ጋር በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ይታተም። መጥፎ ቁጥር ቢወጣ ሕዝቡ ሐኪሞቹን ይጠላል የሚል ሥጋት ሊኖር ይችላል። እኔ ከብዙ ታካሚዎችና ቤተሰቦች ጋር ተቀምጫለሁ፤ ዝምታውን እንጂ ቁጥሩን የሚፈራ ሰው አላጋጠመኝም።

የመጀመሪያው ሪፖርት ጎደሎ ቢሆን አንከፋም። ያለፉት ዓመታት መረጃ በየካርድ ክፍሉ ተበታትኖ ሊሆን ይችላል፤ የተገኘው ይውጣ፣ የጠፋውም ጠፋ ተብሎ ይጻፍ። ቅጹን የሚሞላ፣ ስልክ የሚደውል፣ ቁጥር የሚደምር ሰው ካስፈለገ በሙያዬ ያለ ክፍያ ለማገልገል ፈቃደኛ ነኝ፤ ከእኔ ጋር የሚቆሙ ለጋሾችም አሉ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት፣ መዝገቡ ይከፈት እንደሆነና በማን ኃላፊነት እንደሚያዝ በይፋ እንድትገልጹልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኩላሊት ለጋሽ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጤና፣ ማኅበራዊ ልማት፣ ባህልና ስፖርት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
ለኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት